ምዕራፍ ዘጠኝ፦ የደብሩ ደን

ተማሪዎች፣ ባለፉት ምዕራፎች አንድን ድርጊት በቅደም ተከተል መተረክን ተለማምዳችኋል። በዚህ ምዕራፍ ደግሞ በዐይን የሚታይን ነገር ገልጾ መጻፍን ትለማመዳላችሁ። ለመለማመጃ የተመረጠው ርእስ ከብዙዎቻችሁ ቤት የራቀ አይደለም፤ ይኸውም በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ በየደብሩ ዙሪያ የሚገኘው አገር በቀል ደን ነው።

ይህን ትምህርት ያዘጋጀው ሰው በመምህርነት ሳለ አንድ ቀን «ደን» የሚል ርእስ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ ተማሪዎቹን ድርሰት አዘዘ። በማግሥቱ አርባ ያህል ደብተር ሰብስቦ ሲያርም፣ ሁሉም ለማለት ይቻላል «ደን ለሰው ልጅ እጅግ ጠቃሚ ነው» ብለው ጀምረው «ስለዚህ ደናችንን መንከባከብ ይገባናል» ብለው ጨርሰዋል። በመካከሉ አንድ የዛፍ ስም እንኳ አልተገኘም። ከትምህርት ቤቱ በር ወጥቶ ዐሥር ደቂቃ የተራመደ ሰው ግን ወይራ፣ ጥድና ብሳና ተደባልቀው የበቀሉበት ደብር ያገኝ ነበር። ጥፋቱ የተማሪዎቹ አልነበረም፤ መምህሩ ርእሱን ሰጣቸው እንጂ ወደ ደኑ አልወሰዳቸውም። በዚያው ሳምንት ወስዷቸው ሲመለሱ ከተማሪዎቹ አንዱ «መምህር፣ ትልልቆቹን ዛፎች አየን፤ ትንንሾቹስ የት አሉ?» ሲል ጠየቀ። መምህሩ ያን ጊዜ የሚመልሰው አልነበረውም። ከዚህ በታች ያለው ምንባብ ለዚያ ጥያቄ የተሰጠ የዘገየ መልስ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

በመጀመሪያ ምንባቡን ድምፅ ሳታሰሙ አንብቡ። ሁለተኛ ጊዜ ስታነቡ የማታውቋቸውን የዛፍ ስሞች በደብተራችሁ ጻፉ፤ ምን ዓይነት ዛፎች እንደ ሆኑ ከመዝገበ ቃላት ይልቅ አያቶቻችሁን ብትጠይቁ ይሻላል።

ምንባብ

በበጋ ወራት ከወረታ ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚጓዝ ሰው ግራና ቀኙን ቢመለከት አዝመራው ተሰብስቦ ቃርሚያው ብቻ የቀረበትን ማሳ ያያል። በዚያ ቢጫ ምድር ላይ አልፎ አልፎ፣ በተለይም በኮረብታ አናት፣ ጥቁር አረንጓዴ የሆነ ክብ ነገር ብቅ ይላል። መንገደኛው ለአገሩ እንግዳ ካልሆነ ምን እንደ ሆነ አይጠይቅም፤ በዚያ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጉልላቱ ከዛፎቹ ጫፍ በላይ ከታየ ታየ፤ ባይታይም ደኑ ራሱ ምልክት ነው። በደቡብ ጎንደር ብቻ እንዲህ ያሉ ደኖች ከአንድ ሺህ በላይ ናቸው። ከ2 ሄክታር ያነሱ አሉ፤ እስከ 100 ሄክታር የሚደርሱም አሉ።

ከማሳው ወደ ደኑ የሚገባ ሰው በመጀመሪያ የሚሰማው ቅዝቃዜው ነው። ከእግሩ ሥር ደረቁ ጓል ያበቃና ለብዙ ዘመን የረገፈ ቅጠል ያለሰለሰው ጥቁር አፈር ይጀምራል። ከዳር አጋምና ቀጋ እሾሃቸውን አቆላልፈው እንደ አጥር ቆመዋል፤ አጋሙ ሲያፈራ እረኞች ይሻሙበታል። ወደ ውስጥ ሲዘለቅ ብሳናና ወንዛ፣ ቀጥሎም ወይራ፣ ጥቁር እንጨት፣ ዝግባና ጥድ ይገኛሉ። ብርድ በሚበረታበት ከፍተኛ ደጋ ደግሞ ኮሶ አበባውን እንደ ዘለላ አንጠልጥሎ ይታያል። በአንዳንዱ ደን ጉሬዛ ነጭ ጭራውን አንዘርፍፎ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል፣ ከታች የሚያልፈው ዲያቆን ቀና ብሎ እንኳ አያየውም፤ ለምዶታልና።

እያንዳንዱ ዛፍ በአገሬው ኑሮ ውስጥ የታወቀ ሥራ አለው። የወይራ ጭስ የወተት ዕቃና የጠላ ጋን ያጥናል፤ ቀጭኑ ቅርንጫፍ መፋቂያ ይሆናል፤ ጠንካራው እንጨት ለእርፍና ለመጥረቢያ እጀታ ይመረጣል። ከወንዛ ግንድ ከበሮ ይፈለፈላል፣ ከሣንቃውም በርና መስኮት ይሠራል፤ አበባው የንብ ቀለብ ሲሆን ጣፋጩን ፍሬ ልጆች ይለቅሙታል። ጥድ ምስጥ በቀላሉ ስለማይደፍረው ለቤት ምሰሶ ይፈለጋል። የኮሶ አበባ ለብዙ ዘመን የአንጀት ትል መድኃኒት ሆኖ ስለኖረ የዛፉ ስም ለበሽታው ስም ሆኖ ቀርቷል። የጥቁር እንጨት ቅርፊት በውጭ አገር ሳይቀር ለመድኃኒት ይፈለጋል። ዛፎቹ ይህን ያህል ተፈላጊ ሆነው ሳለ በደብሩ ዙሪያ እስከ ዛሬ የቆሙት የአገሬው ሰው መጥረቢያውን ከቅጥሩ ውጭ ትቶ ስለሚገባ ነው። ለቤተ ክርስቲያኑ ጥገና ወይም አገልግሎት ካልሆነ በቀር ከዚያ ዛፍ መቁረጥ ነውር ነው። በሽማግሌዎች አነጋገር ዛፍ የሌለው ቤተ ክርስቲያን ራቁቱን እንደ ቆመ ሰው ይቆጠራል።

ደኑ የመንደሩ ሁሉ ነው። በንግሥ ቀን ከሩቅ የመጣው እንግዳ ከጥዱ ሥር ያርፋል፤ የቆሎ ተማሪው ጎጆውን ከዛፎቹ መካከል ቀልሶ ቀን ለቀን ትምህርቱን ይቀጽላል፤ የተጣሉ ሰዎች በጥላው ተቀምጠው ይታረቃሉ፤ ሙታንም በዚያው ያርፋሉ። ደን መጠበቅ ለአገራችን አዲስ ነገር እንዳልሆነ ለማሳየት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የመናገሻ ደን ነው። እንደሚነገረው ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በሚገኘው በወጨጫ ተራራ ላይ አስተክለዋል።

በደቡብ ጎንደር ያሉት የደብር ደኖች ግን በአብዛኛው ቀድሞ በአካባቢው በስፋት ይገኝ የነበረው ደን ቅሪቶች መሆናቸውን የደን ሊቃውንት ያስረዳሉ። ከእነዚህ ሊቃውንት አንዱ፣ ብዙ አንባቢ «እመጓ» በተባለው መጽሐፋቸው የሚያውቃቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው። በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ውስጥ ባደረጉት ጥናት 168 ዓይነት ዛፎች፣ ቁጥቋጦዎችና ሐረጎች ተቆጥረዋል። በዙሪያው ባለው ማሳ ላይ ከዚህ ውስጥ ጥቂቱን እንኳ ማግኘት ያስቸግራል።

ሆኖም ደኑ ከሩቅ እንደሚታየው አይደለም። ጫፉን አይቶ ያደነቀ ሰው ጐንበስ ብሎ መሬቱን ቢመለከት በብዙ ቦታ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ሦስት ሰው የማያቅፈው ዝግባ አለ፤ ከሥሩ የጉልበት ቁመት ያለው የዝግባ ችግኝ የለም። ዘሩ ሳይረግፍ ቀርቶ አይደለም። ከቅጥሩ ውጭ የግጦሽ መሬት ስለጠበበ ከብቱ ወደ ደኑ ይገባል፤ በክረምት የበቀለውን ለጋ ችግኝ በበጋ ይበላዋል፣ ያልበላውን ይረግጠዋል። ዶክተር ዓለማየሁና ባልደረቦቻቸው በደኖቹ ውስጥ የታጠሩና ያልታጠሩ ቦታዎችን አነጻጽረው ነበር። ከብት በማይደርስበት ቦታ ዘሩ በተሻለ ሁኔታ በቅሏል፤ ችግኙም በብዛት ተርፎ አድጓል።

«ዛሬ ችግኝ ባይኖር ዘሩ በአፈር ውስጥ ተኝቶ ነገ ይበቅላል» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ለሣርና ለአረም ይህ እውነት ነው። አፈሩ ተወስዶ ሲመረመር ግን ከአገር በቀል ዛፎቻችን የአብዛኞቹ ዘር በአፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ በሕይወት ተጠብቆ የሚቆይ ሆኖ አልተገኘም። ስለዚህ ዛፉ ከነዘመዶቹ ከጠፋ ከዚያ መሬት ተመልሶ የሚበቅልበት ዘር የለም፤ ከሌላ ደን በወፍ ወይም በሰው እጅ መምጣት አለበት። ሌላም ነገር አለ። ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ በአብዛኛው ወንዱ ዛፍ ለብቻው ሴቷም ለብቻዋ የሚበቅሉ ናቸው። በአንድ ደን ውስጥ ብቻውን የቀረ ኮሶ ምንም ያህል ቢያብብ ዘር አይተውም። የአገሬው ሰው ግን በየዓመቱ ሲያብብ እያየ ደኅና ነው ይላል።

እ.ኤ.አ. በ1938 ጣልያኖች ከአውሮፕላን ያነሷቸው የአካባቢው ፎቶግራፎች አሉ። እነርሱን ከቅርብ ዘመን ምስል ጋር ያስተያዩ ተመራማሪዎች የብዙዎቹ ደኖች ስፋት እምብዛም እንዳልቀነሰ ተመልክተዋል። ይህ የአገሬውን ሰው የሚያስመሰግን ነው። በፎቶግራፉ ላይ በደኖቹ ዙሪያ ይታይ የነበረው ቁጥቋጦ ግን አብዛኛው ወደ እርሻ ተለውጧል። ቀድሞ ወፉም፣ ዘሩም ከደብር ወደ ደብር የሚሻገርበት ያ ቁጥቋጦ ነበር። ዛሬ ማሳው እስከ ቅጥሩ ድረስ ይታረሳል፤ ነፋሱና ፀሐዩም የደኑን ዳር በቀጥታ ያገኙታል።

ከውስጥ በኩል ያለው ጫና ደግሞ ከክፋት የመጣ አይደለም። ምእመናኑ ለንግሥ በዓል የሚሆን አዳራሽ ይሠራሉ፤ ለሟች ቤተሰብ የሲሚንቶ መቃብር ያስገነባሉ፤ ለዝክሩ እንጀራ ምጣድ ማገዶ ይፈለጋል። አንዳንዱ ደብርም ለገቢ ብሎ በአገር በቀሉ ዛፍ ፋንታ ባሕር ዛፍ ይተክላል። ባሕር ዛፍን መውቀስ ልማድ ሆኗል፤ ነገር ግን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ ከገባ ወዲህ የስንቱን ቤት እንዳቆመና የስንቱን ምድጃ እንዳነደደ መርሳት ቅን ፍርድ አይደለም። ቦታው ግን ከወይራው ሥር አይደለም።

ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በአንዳንድ ደብሮች አንድ ቀላል መፍትሔ ተጀምሯል። ዶክተር ዓለማየሁና አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ከካህናቱና ከገበሬዎቹ ጋር ተመካክረው በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አድርገዋል። ድንጋዩ የሚመጣው ከገበሬዎቹ ማሳ ነው። ገበሬው ማረሻውን የሚሰብርበትን ድንጋይ ለቅሞ ወደ ቅጥሩ ያመጣል፤ ማሳውም ይጠራለታል፣ ደኑም ይታጠርለታል። ካቡ ከብቱን ይመልሳል፤ ሰው በበሩ ይገባል። እንዲህ ከታጠረ በኋላ፣ ቀድሞ ባዶ በነበረው መሬት ላይ ችግኝ መታየት ይጀምራል። በአንዳንድ መንደር ካቡ ከዛፎቹ ዳር ጥቂት ራቅ ብሎ ተሠርቷል፤ ደኑ እንዲሰፋ ማለት ነው። ይህን ለማድረግ ግን በዚያ በኩል ማሳ ያለው ገበሬ መስማማት አለበት። ጠባብ መሬት ያለው ሰው አንድ ትልም ሲለቅ ምን እንደሚለቅ የሚያውቀው እርሱ ነው።

ስለ ቃላት

«ደብር» በግእዝ ተራራ ማለት ነው፤ ብዙው «አድባር» ይባላል። ቀደም ሲል ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት በአብዛኛው በከፍታ ላይ ይተከሉ ስለነበር ቃሉ በአማርኛ የቤተ ክርስቲያን ስም ሆነ። «አድባር» የተባለው ብዙ ቁጥር ግን ሌላ መንገድ ሄደ። በአማርኛ አንድን መንደር ይጠብቃል ተብሎ የሚታመነውን መንፈስ፣ ቀጥሎም ያ መንፈስ ያድርበታል የሚባለውን ትልቅ ዛፍ ለመጥራት ዋለ። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎችም አብርሃም በመምሬ ተቀምጦበት የነበረውን፣ በአገራችን የማይበቅለውን ዛፍ «የአድባር ዛፍ» ብለውታል። እንግዳ የዛፍ ስም ከሚያመጡ አንባቢው የሚያከብረውን ዛፍ መጥራትን መርጠዋል፤ ይህን ምርጫ የዚህ መጽሐፍ አዘጋጅ መልካም ሆኖ ያገኘዋል።

«ደን» እና «ጫካ» ብዙ ጊዜ እየተለዋወጡ ይነገራሉ። በጽሑፍ ግን «ደን» ትልልቅ ዛፎች ያሉትን ሲያመለክት «ጫካ» የተደባለቀና የተጠላለፈ፣ ሰው በቀላሉ የማያልፍበትን ጭምር ይይዛል። «ዐጸድ» በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው ቅጥር ግቢ ነው። «ቅሪት» ከብዙ ነገር የቀረ ጥቂት ማለት ነው፤ «ቀረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው።

ሰዋስው

ሀ. «አለ»፣ «ነበረ»፣ «ይኖራል»

በምንባቡ ውስጥ «ዝግባ አለ፤ ችግኝ የለም» የሚል ዐረፍተ ነገር አጋጥሟችኋል። «አለ» የአማርኛ ባሕርይ በጉልህ የሚታይበት ግስ ነው። ቅርጹ እንደ «መጣ»፣ እንደ «ሄደ» የኃላፊ ጊዜ ቅርጽ ነው፤ ትርጉሙ ግን የአሁን ጊዜ ነው። ኃላፊ ጊዜውን ለመናገር «ነበረ» የተባለውን ሌላ ግስ እንዋሳለን። የወደፊቱን ለመናገር ደግሞ «ኖረ» ከሚለው ሦስተኛ ግስ «ይኖራል» እንላለን። አሉታቸውም «የለም»፣ «አልነበረም»፣ «አይኖርም» ነው።

ስለዚህ ስለ አንድ ደን የሚጽፍ ሰው ከሦስቱ አንዱን ሲመርጥ ጊዜን ብቻ ሳይሆን የሚያውቀውን ነገር ጭምር ይናገራል። «አለ» ለማለት ሄዶ ማየት ያስፈልጋል። «ነበረ» ለማለት የሚያስታውስ ሽማግሌ ወይም የድሮ ፎቶግራፍ መኖር አለበት። «ይኖራል» ለማለት ምን ማየት ያስፈልጋል? ይህን ጥያቄ በክፍል ተወያዩበት፤ ስትወያዩም በምንባቡ ውስጥ ስለ ችግኝ የተነገረውን መልሳችሁ ተመልከቱ።

ልብ በሉ፦ «ነበር» ረዳት ግስም ይሆናል። «ወፉ ይሻገር ነበር» ሲባል ተደጋግሞ ይፈጸም የነበረና አሁን የቀረ ድርጊትን ያመለክታል። «ወፉ ተሻግሮ ነበር» ሲባል ግን ከሌላ ድርጊት በፊት አንድ ጊዜ የተፈጸመ ነው። ብዙ ተማሪዎች ሁለቱን ያደባልቃሉ።

ለ. አድራጊና ተደራጊ ግስ

«ቆረጠ» አድራጊ ግስ ነው፤ «ተቆረጠ» ተደራጊ ነው። «ተከለ፣ ተተከለ»፣ «መነጠረ፣ ተመነጠረ»፣ «አጠረ፣ ታጠረ» እንዲሁ ናቸው። የተደራጊነቱ ምልክት «ተ» በኃላፊ ጊዜ በግልጽ ይታያል። በአሁንና በትንቢት ጊዜ ግን በሚቀጥለው ፊደል ውስጥ ይዋጣል፤ «ይቆርጣል» ከሚለው «ይቆረጣል» የሚለየው «ቆ» ጠብቆ በመነበቡና «ር» ወደ «ረ» በመለወጡ ነው።

በተደራጊ ግስ የሚጽፍ ሰው የድርጊቱን ባለቤት መተው ይችላል። «ጥዱ ተቆረጠ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሙሉ ነው፤ ማን እንደ ቆረጠው ግን አልተነገረም። ቆራጩ በማይታወቅበት ጊዜ ይህ ተገቢ ነው። በሚታወቅበት ጊዜ ግን እውነቱን ግማሽ አድርጎ መተው ነው፤ የደን ጥፋት በሚነገርባቸው ጽሑፎች ሁሉ የሚታየው በሽታ ይህ ነው። «ደኑ ተመነጠረ፤ አፈሩ ታጠበ፤ ምንጩ ደረቀ» እየተባለ ይጻፋል፤ በሦስቱም ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ አንድ ሰው እንኳ የለም።

እርግጥ ነው፣ በትንሽ መንደር ውስጥ የጎረቤትን ስም ጠርቶ በድርሰት ላይ መጻፍ ጠብ ያመጣል፤ አስፈላጊም አይደለም። ስም ሳይጠሩ አድራጊውንና ምክንያቱን መግለጽ ይቻላል። የሚከተሉትን አስተያዩ።

«ለአዳራሹ ሥራ ሦስት ጥዶች ተቆረጡ።»
«ዝናብ በንግሥ ቀን ሕዝቡን ስላስቸገረ ምእመናኑ አዳራሽ ለመሥራት ሦስት ጥዶች ቆረጡ።»

ሁለተኛው ማንንም አልሰደበም። አንባቢው ግን ሰዎቹንም ችግራቸውንም አይቷል፤ ከዚያ በኋላ «ባሕር ዛፍ ቢጠቀሙስ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። የመጀመሪያውን ያነበበ ሰው የሚጠይቀው ሰው የለውም።

ድርሰት

ገላጭ ድርሰት የሚጀመረው ከብዕር በፊት ነው። በምትኖሩበት አካባቢ ያለውን ደብር አስተዳዳሪ ወይም ቄሰ ገበዝ አስፈቅዳችሁ በቡድን ሂዱ። በአካባቢያችሁ የደብር ደን ከሌለ የመስጊድ ቅጥር፣ የቆየ የመቃብር ስፍራ ወይም የወንዝ ዳር ዛፎች ይሆናሉ። ትልቁን ዛፍ ዐቅፋችሁ ለኩ፤ ስንት ሰው ዐቀፈው? ቀጥሎም ዐሥር እርምጃ በዐሥር እርምጃ የሆነ ቦታ ለይታችሁ በዚያ ውስጥ ከጉልበት በታች የሆኑትን ችግኞች ቁጠሩ። ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። ይህን አንድ ጊዜ ከደኑ ዳር፣ አንድ ጊዜ ከመካከሉ አድርጉት፤ ቍጥሩ እኩል ላይሆን ይችላልና። ችግኝ አትንቀሉ፤ ቅጠል ለናሙና ካስፈለገ የረገፈውን አንሡ።

ስትመለሱ በመጀመሪያ ያያችሁትን፣ ቀጥሎ የሰማችሁትን፣ በመጨረሻም የምታስቡትን ጻፉ። ብዙ ተማሪዎች የሚያስቡትን አስቀድመው ያዩትን ለመጨረሻ ያቆያሉ፤ ወረቀቱም ያልቅባቸዋል። «ውብ»፣ «ማራኪ»፣ «አስደናቂ» የተባሉትን ቅጽሎች በመጀመሪያው ገጽ ላይ አትጠቀሙባቸው። ቃሎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ለማንኛውም ደን ስለሚሆኑ ስለ እናንተ ደን የሚናገሩት የላቸውም።

አንድ ተማሪ መጀመሪያ እንዲህ ጽፎ ነበር እንበል፦ «በመንደራችን የሚገኘው የደብሩ ደን በጣም ውብና ማራኪ ነው። በውስጡ ብዙ ዓይነት ዛፎች ይገኛሉ። ለአካባቢው ኅብረተሰብም ከፍተኛ ጥቅም ይሰጣል።» ይኸው ተማሪ ሄዶ ካየ በኋላ እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦ «ከቤታችን በላይ ባለው ደብር በስተ ምሥራቅ በር አንድ ወይራ አለ። አያቴ በልጅነቷም ዛሬ ባለው ውፍረት ታውቀው እንደ ነበር ትናገራለች። ከሥሩ ያለው መሬት በከብት ኮቴ ደድሯል፤ በዐሥር እርምጃ ውስጥ የቈጠርሁት ችግኝ አንድ የብሳና ብቻ ነው። የወይራ የለም።»

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይረዝማል። አንድም ማድነቂያ ቃል የለውም፤ ነገር ግን አያቱን፣ በሩን፣ ኮቴውንና የብሳናውን ችግኝ ያነበበ ሰው ወይራውን ሊያይ ይወዳል። የመጨረሻዋ አጭር ዐረፍተ ነገር ማሰሪያ አንቀጿ «የለም» መሆኑንም ተመልከቱ። ስለ ከብቱ ጌታ ምንም አልተባለም። መንደሩ ከብቱን ከደኑ ቢያወጣ ወዴት ሊወስደው እንደሚችል ተማሪው በሚቀጥለው አንቀጽ መጻፍ ይኖርበታል፤ ይህን ያላነሣ ድርሰት በገበሬ ፊት ቢነበብ ያስቃል።

መልመጃ

1. በምንባቡ ውስጥ «አለ»፣ «የለም»፣ «ነበረ» እና «ይኖራል» ወይም የእነዚህ ርባታ የሚገኙባቸውን ስድስት ዐረፍተ ነገሮች አውጥታችሁ፣ ጸሐፊው ያን የተናገረው አይቶ፣ ሰምቶ ወይስ ገምቶ እንደ ሆነ በየአንዳንዱ ፊት ጻፉ።

2. የሚከተሉትን ተደራጊ ግሶች ወደ አድራጊ ለውጡ። ባለቤቱንና ምክንያቱን ራሳችሁ ጨምሩ፦ ካቡ ተካበ። ችግኙ ተበላ። ዐጸዱ ተጠረገ። ዘሩ ከሌላ ደን መጣ። (ከእነዚህ አንዱ ተደራጊ አይደለም፤ የትኛው ነው? ለምን?)

3. «ደብር» እና «አድባር» ከአንድ ቃል ወጥተው የተለያየ ትርጉም እንደ ያዙ ሁሉ፣ እንዲህ ያሉ ሌሎች ሁለት ጥንድ ቃላት ፈልጋችሁ አስረዱ።

4. ብቻውን የቀረ የኮሶ ዛፍ በየዓመቱ እያበበ ለምን ዘር እንደማይተው ምንባቡን ሳታዩ በአራት ዐረፍተ ነገር ለታናሽ ወንድማችሁ ወይም እኅታችሁ እንደምትነግሩ አድርጋችሁ ጻፉ።

5. ሄዳችሁ ስላያችሁት ደን ሁለት ገጽ ጻፉ። ቢያንስ አምስት ዛፎችን በስማቸው ጥቀሱ፤ የችግኞቹን ቍጥር ከዳርና ከመካከል ለይታችሁ አስገቡ። ድርሰቱ በክፍል ከተነበበና ከታረመ በኋላ አንድ ንጹሕ ቅጂ ገልብጣችሁ የደኑን በር ለከፈቱላችሁ ሰዎች ስጡ፤ ቍጥሩ ስሕተት ነው ካሏችሁ ከእነርሱ ጋር ተመልሳችሁ ቁጠሩ።